የአያት ውጅግራ፦ ይታደስ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ሐረር ጀጎል ያለው የአያቴ ቤት ዕቃ ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ ውጅግራው፣ የድሮው ጠመንጃ ነው። መሬት ላይ ሲቆም ትከሻዬ ድረስ ይመጣል። ዘመድ ሁሉ «አሳድሺው፣ ያብረቅርቅ» አለኝ። ሦስት ወር አሰብኩበት። እንዲህ ያለ ውርስ የደረሳችሁ ካላችሁ የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አሮጌ ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም ብላችሁ አታስቡ። ጠመንጃውን ተሸክማችሁም መንገድ አትውጡ። ባዶ እጃችሁን ፖሊስ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ የፈቃዱ ጉዳይ ሳያልቅ አቧራውን እንኳ አልጠረግኩም።

ቀጥሎ ጥይት ጎርሶ እንደሆነ እዩ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳቡና ማጉረሻውን በባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ። ዝጎ አልከፈት ካለ አትታገሉት፤ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው።

አሁን ማንበብ ነው። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙ በእኛ አፍ እንዲህ ሆነ። በግራ ጎኑ የፋብሪካው ስምና «ሞዴል 1874» የሚል ጽሑፍ አለ። በርሜሉ ላይ ደግሞ የተሠራበት ዓመት ይመታል። የእኔው 1877 ይላል፣ በፈረንጆቹ። ቅድመ አያቴ በ1888 ከራስ መኮንን ጦር ጋር ይዞት አድዋ ዘምቷል ይባላል። ቁጥሩ ይህን አያረጋግጥልኝም። ጠመንጃው ከዘመቻው በፊት መሠራቱን ግን ይነግረኛል፤ እሱም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አጎቴም ሌላ ውጅግራ ወርሶ ነበር። አንድ ብረት ሠራተኛ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ መስታወት አደረገለት። ጽሑፉ አብሮ ሄደ። አጎቴ ዛሬም ጎኑን በጣቱ እየዳሰሰ ይፈልገዋል።

ስለዚህ ውሳኔው ያለው ዝገቱ ላይ ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠብታ ዘይት አስነኩና ብረቱን ቀስ ብላችሁ እሹት። ቀይ ብርቱካንማ ዱቄት ከወጣ ዝገቱ ገና እየበላ ነው፤ መቆም አለበት። ጠቆር ያለ፣ ጠንካራ ቡናማ ከሆነና ጨርቁ ላይ ዱቄት ካልቀረ ተዉት። እሱ ዕድሜው ነው። የሚበላውንም ቢሆን በዘይትና በጨርቅ፣ በትዕግሥት። የሽቦ ብሩሽ አይግባ።

የእኔው ሰደፍ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ጠፍር ተጠምጥሞበታል። አናጺ ጠርቼ ላስቀይረው ስል አክስቴ ሰማች። «እንዳትነኪው! አባባ እርጥቡን ጠፍር በጥርሱ እየሳበ ነው ያሰረው» አለችኝ። ጠፍሩ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይዞታል። አንደኛው ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሶ ጠቁሯል፤ መዳፌን ሳሳርፍ ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። ይህን አውጥቼ አዲስ እንጨት ባስገባ የማን ጠመንጃ ነው የሚሆነው? እንዳለ ተውኩት።

ሊተኩሱበት የሚያሳድሱ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ይህ መሣሪያ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፣ ብረቱም አርጅቷል። ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

አሮጌ ነገር ሳይታደስ ምን ያህል እንደሚያምር ለማየት እዚሁ ሐረር፣ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኙ። እኔ ቆርጬ የወጣሁት ከዚያ ነው።

አቀማመጡ ቀላል ነው። በባዶ እጅ ብረቱን አትንኩ፤ የላብ ጨው ያዝገዋል። የቆዳ አፎት ውስጥም አታኑሩት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ፕላስቲክም አትጠቅልሉበት። የእኔው ከማድቤት ጭስ ርቆ፣ ደረቅ ግድግዳ ላይ ተጋድሟል። ክረምት ሲገባ በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ነጭ ጨርቅ ይዤ አየዋለሁ። ባለፈው ሐምሌ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ።