የጁኒየር ሆኪ ኮከቦች ከፕሮፌሽናል ቡድን ጋር ቢጋጠሙ፦ በዚህ ክርክር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዓለም ከ20 ዓመት በታች የአይስ ሆኪ ሻምፒዮና በየዓመቱ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26 ይጀምራል፤ የኛ ገና ሊገባ ሁለት ቀን ገደማ ሲቀረው ያልቃል። ኤድመንተን፣ ካልጋሪ ወይም ቶሮንቶ የምትኖሩ ወገኖች በዚያ ሰሞን ልጆቻችሁን ከቴሌቪዥን ማስነሳት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ለነገሩ እኛም ጫፉ በታጠፈ ዱላ ሩር እየመታን ገና የተጫወትን ሰዎች ነን፤ ጨዋታው ሩቅ አይሆንብንም።

ሻምፒዮናው ሲመጣ አንድ ክርክርም አብሮ ይመጣል። «ይሄ የካናዳ ቡድን እኮ ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ) ቢገባ ደካሞቹን ይረታል!» ይባላል። የኔ መልስ ግልጽ ነው። አይረታም። ይህን የምለው ልጆቹን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም የተጋነነ ግምት መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አንድ የ18 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ልጆቹን በኋላ በደረሱበት ደረጃ መለካት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሁሌም የሚጠቀሰው የ2005ቱ የካናዳ ቡድን ነው። ሲድኒ ክሮስቢ፣ ፓትሪስ በርጀሮን፣ ራያን ጌትዝላፍ፣ ኮሪ ፔሪ፣ ሼይ ዌበር፣ ጄፍ ካርተር፣ ማይክ ሪቻርድስ ሁሉም እዚያ ነበሩ። በሰሜን ዳኮታዋ ግራንድ ፎርክስ በተካሄደው ሻምፒዮና ስድስት ጨዋታ ተጫውተው 41 ግብ አገቡ፤ የገባባቸው 7 ብቻ ነው። ፍጻሜው ላይ ሩሲያን 6 ለ 1 ረቱ። ያን ዓመት ኤንኤችኤል በክለቦቹና በተጫዋቾቹ የደመወዝ ውዝግብ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። በርጀሮን ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ለቦስተን ቢጫወትም ወደ እኩዮቹ ተመልሶ ለመሰለፍ የቻለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ያን ዝርዝር የሚያነብ ሰው የሚታየው አብዛኞቹ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ያነሱ ጎልማሶች ስም ነው። ያኔ ግን ልጆች ነበሩ። የሚቀጥለውን ዓመት ተመልከቱ። ጌትዝላፍና ፔሪ ወደ አናሃይም ሄዱ፤ ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ከኤንኤችኤል አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው ሊግ፣ ወደ ኤኤችኤል፣ ወርደው ለፖርትላንድ ተጫወቱ። ዌበርም ከፊሉን ዓመት ያሳለፈው በዚያው ሊግ፣ ሚልዋኪ ነው። ከዚያ ቡድን ምርጦቹ እንኳ አዋቂዎቹን ለመልመድ ጊዜ አስፈልጓቸዋል። ደግሞ እያንዳንዳቸው የገቡት በሳል ሰዎች መሃል ነው። የቡድኑ ሃያ ያህል ልጆች ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አጠገባቸው አንድም ትልቅ ሰው ሳይኖር ቢገቡ ምን ይሆን ነበር? ተከራካሪዎቹ የሚዘሉት ጥያቄ ይሄ ነው።

አንድ ልጅ ከቻለ ሃያዎቹም ይችላሉ ማለት

ክሮስቢ በ18 ዓመቱ ኤንኤችኤል ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 102 ነጥብ አገኘ። ሆኪ ውስጥ የተጫዋች ነጥብ የሚባለው ያገባውና ያቀበለው ሲደመር ነው። ድንቅ ነው። ክለቡ ፒትስበርግ ግን ያን ዓመት ከ82 ጨዋታ 22 ብቻ አሸንፎ ከምሥራቁ ኮንፈረንስ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) የመጨረሻው ሆነ። በ2023–24 ኮኖር ቤዳርድ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ቺካጎ ከሊጉ 32 ክለቦች 31ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ማክሊን ሴለብሪኒ በ18 ዓመቱ በ70 ጨዋታ 63 ነጥብ አገኘ፤ ሳን ሆዜ መጨረሻ ሆነ።

ሶስቱም በትውልዳቸው አንደኛ የተባሉ ልጆች ናቸው። አጠገባቸው ደግሞ ልምድ ያላቸው ፕሮፌሽናሎች ነበሩ። ያም ሆኖ ቡድኑን ከጭራ አላወጡትም። ያንን ልምድ ከአጠገባቸው አንሱትና በሌሎች የ18 ዓመት ልጆች ተኩት፤ ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

የጁኒየርን ነጥብ እንደወረደ መውሰድ

ቤዳርድ ለጁኒየር ክለቡ ለሬጃይና ሲጫወት በ57 ጨዋታ 143 ነጥብ አግኝቷል። ቺካጎ በገባ ዓመት በ68 ጨዋታ 61። ኮኖር ማክዴቪድ በመጨረሻ የጁኒየር ዓመቱ በ47 ጨዋታ 120 ነበረው፤ ኤድመንተን ሲደርስ በ45 ጨዋታ 48። እነዚህ እንግዲህ የተሳካላቸው ናቸው። ሮብ ሽሬምፕ ለካናዳው ጁኒየር ክለብ ለለንደን ናይትስ በ2005–06 በአንድ የውድድር ዘመን 145 ነጥብ አስመዝግቦ ነበር። ኤንኤችኤል ውስጥ በጠቅላላው የተጫወተው 114 ጨዋታ ነው። ልጁ ችሎታ ጎድሎት አይደለም። በጁኒየር ዕድሜው ከ16 እስከ 20 ነው፤ አንድ ክለብ የ20 ዓመት ተጫዋች ከሶስት በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የ19 ዓመቱ ኮከብ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ገና ጺም ያላበቀሉ ተከላካዮችን ነው።

ነገሩን ሁሉ የጉልበት ጉዳይ ማድረግ

«ልጆቹ ቀላል ናቸው፣ ይገፏቸዋል» ይባላል። እውነትነት አለው። በጃንዋሪ 2024 ቤዳርድ ከኒው ጀርሲ ጋር ሲጫወቱ ፓኩን (በሩር ፋንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ይዞ ወደ ማጥቂያ ክልል ሲገባ አንድ ተከላካይ ገጨውና መንጋጋው ተሰበረ፤ 14 ጨዋታ አለፈው። ግን ክብደት ብቻ ቢሆን መፍትሔው ጂም መግባት ነበር። ዋናው ልዩነት ጊዜ ነው።

አንድ በጣም ተራ አጋጣሚ ልውሰድ። ተጋጣሚ ፓኩን ወርውሮ ከግባችሁ ጀርባ ጥግ ላይ ይጥለዋል። የ18 ዓመቱ ተከላካይ ዞሮ ያሳድደዋል። በጁኒየር ቢሆን በትከሻው ላይ አንዴ ዞር ብሎ ያያል፣ ፓኩን ያነሳል፣ ከግቡ ጀርባ ይዞራል፣ ከዚያ ለማን እንደሚያቀብል ይመርጣል። ፕሮፌሽናሎች ጋ መጀመሪያ የሚደርሰው አጥቂ በቀጥታ አይመጣበትም። የሚዞርበትን አቅጣጫ ዘግቶ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው አጥቂ ደግሞ ልጁ ሊያቀብልበት ያሰበው ቦታ ላይ አስቀድሞ ቆሟል። ልጁ ፓኩን በግድግዳው በኩል ይመታዋል፤ ሶስተኛው ሰው ያስቀረዋል። አሁን አምስቱም ልጆች ክልላቸው ውስጥ ተዘግተዋል፣ ለመቀየርም አይችሉም። ሆኪ ውስጥ ተጫዋች በየ45 ሰከንዱ ገደማ ይቀያየራል፤ ደቂቃ ተኩል በረዶው ላይ የቆየ እግር ይደነዝዛል። ግቡ የሚገባው ያኔ ነው።

እዚህ ውስጥ ማንም ማንንም አልገፋም። በረዶውም ያው 61 በ26 ሜትር ነው። የጠፋው ለማሰብ የሚሆነው ሰከንድ ነው። እሱ ደግሞ በዓመታት ነው የሚለመደው።

ግብ ጠባቂውንና አራተኛውን መስመር መርሳት

ክርክሩ ሁሌ ስለ አጥቂ ኮከቦች ነው። ቡድን ግን አራት የአጥቂ መስመር፣ ሶስት ጥንድ ተከላካይና ግብ ጠባቂ ነው። ኤንኤችኤል ውስጥ አራተኛ መስመር ላይ ስድስትና ሰባት ደቂቃ የሚጫወተው፣ ስሙን የማናስታውሰው ሰውዬ አብዛኛውን ጊዜ በጁኒየር ዘመኑ የከተማው ጀግና ነበር። የጁኒየሮቹን ሶስተኛ ጥንድ የሚጋፈጠው እሱ ነው። ልዩነቱም የሚሰፋው እዚያ ነው።

ስለ ግብ ጠባቂ «ኬሪ ፕራይስስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። በ2007 መጀመሪያ ስዊድን ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደ፣ የውድድሩም ምርጥ ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ19 ዓመቱ ከሃሚልተን ጋር የኤኤችኤልን ዋንጫ አንስቶ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ሆነ። በጣም የምወደው ታሪክ ነው። ግን ፊቱ የቆሙት ተከላካዮች ፕሮፌሽናሎች ነበሩ።

1980ንና 2016ን እንደ ማስረጃ ማቅረብ

በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ሶቪየትን 4 ለ 3 ማሸነፋቸውን የማይጠቅስ የለም። ከዚያ 13 ቀን ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ላይ በዚያው ቡድን 10 ለ 3 መሸነፋቸው ግን አይነሳም። በድሉ ቀን እንኳ ሶቪየቶች 39 ጊዜ ወደ ግብ መትተው አሜሪካኖቹ የመቱት 16 ነው፤ ግብ ጠባቂው ጂም ክሬግ 36ቱን አዳነ። በዚያ ላይ ተማሪዎቹ ከጁኒየር ተጫዋቾች በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ለወራት አብረው የሰለጠኑ ናቸው። ታላቅ ቀን ነበር፤ አንድ ቀን ነበር።

በ2016 ቶሮንቶ ላይ በተደረገው የሆኪ ዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ23 ዓመት በታች ያሉ ሰሜን አሜሪካውያን ፊንላንድንና ስዊድንን አሸንፈው፣ በሩሲያ 4 ለ 3 ተረትተው ከምድብ ቀሩ። ፍጥነታቸው ያስደምም ነበር። ጁኒየር ግን አልነበሩም፤ የኤንኤችኤል ተጫዋቾች ናቸው። ገና ኤንኤችኤል ያልተጫወተው ኦስተን ማቲውስ እንኳ ያለፈውን ዓመት ዙሪክ ውስጥ ከአዋቂዎች ጋር አሳልፎ ነው የመጣው። ከሳምንታት በኋላ በመጀመሪያ የኤንኤችኤል ጨዋታው አራት ግብ አገባ።

ወደ ጁኒየር የተመለሰን ልጅ ወደቀ ማለት

ይሄኛው ያናድደኛል። የኤንኤችኤል ክለቦች በዓመታዊው የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ የወሰዱትን የ18 ዓመት ልጅ ጥቂት ጨዋታ አሰልፈው ሲመልሱት «አልቻለም» ይባላል። ለረጅም ዓመታት በነበረው ስምምነት ከካናዳ ጁኒየር ሊጎች የተመረጠ ልጅ 20 ዓመት ሳይሞላው በመደበኛው የኤኤችኤል ዘመን መሰለፍ አይችልም ነበር፤ ወይ ኤንኤችኤል፣ ወይ ወደ ጁኒየር። በዚያ ላይ አሥረኛውን ጨዋታ ከተጫወተ የመጀመሪያ ውሉ አንድ ዓመት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ከዘጠኝ ጨዋታ በኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ የሂሳብ ውሳኔ ነው።

«ፕሮፌሽናል» ሲባል ኤንኤችኤልን ብቻ ማሰብ

ጥያቄው «ከማን ጋር?» ከሚለው መጀመር አለበት። ኤኤችኤልን እንደ ቀላል ሊግ የሚያዩ አሉ፤ ኤንኤችኤል ውስጥ ካሉት ከ10 ተጫዋቾች ወደ 9 የሚጠጉት በዚያ አልፈዋል። በኔ ግምት ከመላ ካናዳ የተመረጠ የጁኒየር ቡድን ሙሉ ዓመት እዚያ ቢጫወት ከታች ነው የሚጨርስ። ከዚያ በታች ባሉ ሊጎች ግን በደንብ ይፎካከራል ብዬ አምናለሁ።

መልሱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የካናዳ ወጣት ቡድን ታኅሣሥ ላይ ከመመረጡ በፊት ከሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጦች ጋር በብዙ ዓመታት ያደረጋቸውን የልምምድ ጨዋታዎች ይመልከት። የዩኒቨርሲቲዎቹ ልጆች ብዙዎቹ ራሳቸው ጁኒየር የተጫወቱ፣ ኤንኤችኤል ያልደረሱ፣ አሁን 21 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ትምህርት ላይ ናቸው። ከትልልቆቹ ኮከቦች ጋር ተቀራርበው ይጫወታሉ፣ ያሸነፉባቸው ጊዜያትም አሉ። ስታዩ ግቦቹን ብቻ አትቁጠሩ። ፓክ ጥግ ላይ ሲወድቅ ማን ቀድሞ እንደሚደርስና ማን ይዞት እንደሚወጣ ተከታተሉ።