ቁልፉን ማን ተረከበ? የቤትና የሴቶች መጠለያ በጀት ኦዲት ሲደረግ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደረሰኝ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ቫውቸሩ ይታያል፣ ማኅተም አለው፣ ድምሩም ልክ ነው። አለቀ። ትልቁ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ገንዘቡ በደንቡ መሠረት ወጥቶም ማንም ቤት ላያገኝ ይችላል። የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤቶች ዓለም አቀፍ ድርጅት የሆነው ኢንቶሳይ ኦዲትን የፋይናንስ፣ የሕጋዊነትና የክዋኔ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። «ገንዘቡ የታሰበለትን ሥራ ሠራ ወይ?» የሚለው ሦስተኛው ነው። እሱ ከተዘለለ የቀረው ወረቀት ማገላበጥ ነው።

ቤት ቆጥሮ መሄድም የተለመደ ነው። «ይህን ያህል ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት ተሠራ» ይባላል። ማን ገባባቸው? ኪራዩስ ከገቢያቸው ምን ያህሉን ይወስዳል? «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ራሱ መፈተሽ አለበት። እንግሊዝ ውስጥ «ተመጣጣኝ ኪራይ» የሚባለው እስከ ገበያው ዋጋ 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ኪራይ ሰማይ በነካበት ከተማ፣ የሰማይ 80 በመቶም ያው ሰማይ ነው።

ርክክብ ላይ ማቆምስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች የታክስ ቅናሽ መስጠት ጀመረች። አልሚው ቅናሹን የሚያገኘው ኪራዩን ለረጅም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 30 ዓመት፣ ዝቅ አድርጎ ሊያቆይ ግዴታ ገብቶ ነው። ሪባን በተቆረጠ ማግስት የሚዘጋ ፋይል ይህንን አያይም። ደግሞ ያልተሰበሰበ ታክስ ከካዝና ስለማይወጣ ይረሳል፤ የሕዝብ ገንዘብ መሆኑ ግን አልቀረም። የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የዚህን ፕሮግራም የወጪ መረጃና የማጭበርበር ቁጥጥር አጠናክሩ ማለቱ ለዚህ ነው።

ከጥቃት የሚሸሹ ሴቶች ወደሚጠጉበት መጠለያ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ኦዲተሩ ባዶ አልጋ ሲያይ «ብክነት» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። ሌሊት በሯን ጥላ የምትሮጥ ሴት ቀጠሮ አትይዝም፤ አልጋው ባዶ የሆነው እሷን እየጠበቀ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ስለዋለ ማንም በኪሳራ አይመዘግበውም። እንዲያውም ሊያስደነግጠን የሚገባው ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ መጠለያ ነው። የካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ መጠለያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 15,000 ሴቶችን እንደመለሱ መዝግቧል፤ እርዳታ ከጠየቁት 56 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝም እንዳለ መዋጥ አይገባም። ሦስት በር ያንኳኳች አንዲት ሴት ሦስት ሆና ልትቆጠር ትችላለች። ዋናው ጥያቄ ከተመለሰች በኋላ የት ሄደች የሚለው ነው።

ሌላው ስህተት ስም መጠየቅ ነው። «የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከነአድራሻቸው አምጡ» የሚል ደብዳቤ ለሌላ መሥሪያ ቤት ምንም ላይሆን ይችላል። እዚህ ግን ነፍስ ያስጠፋል። ኮድ ቁጥር፣ የገቡበትና የወጡበት ቀን ለማጣራት ይበቃል። የመጠለያው አድራሻ ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ የኦዲተሩም የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና በሩ ላይ አይቆምም። ይህችን ትንሽ ነገር ስንቱ ይረሳታል!

ካለፈው ዓመት የኦዲት ግኝት ምን ያህሉ እንደተስተካከለ አለማየትም አለ። ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አምና የተጻፈው ዘንድሮ ቃል በቃል ከተደገመ ኦዲቱ ራሱ ኦዲት ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ሁለቱን በጀቶች ለየብቻ መመርመር ነው። አንዲት እናት የመጠለያ ጊዜዋን ጨርሳለች እንበል። መውጣት ትፈልጋለች፤ በአቅሟ የምትከራየው ቤት ግን የለም። ስለዚህ እዚያው ትቆያለች፣ አዲስ የመጣችውም በር ላይ ትመለሳለች። ኦዲተሩ መጠለያውን «ከተፈቀደው ጊዜ በላይ አቆይቷል» ብሎ ይከሳል። ጥፋቱ ያለው ግን ሌላ ቡድን በያዘው የቤቶች ፋይል ውስጥ ነው።