ለአሮጌ ቶርኖ ጊር ከማሠራታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ለማደስ የምታስቡ፣ አደራ፣ የጎደለውን ጊር ከማሠራታችሁ በፊት የቀረውን በደንብ ለኩ። ምድር ባቡሩን ፈረንሳዮች ስለሠሩት እዚህ ያለ አሮጌ ማሽን ሁሉ በሚሊሜትር የተሠራ ይመስለናል። አይደለም፤ የቆዩት እንግሊዝና አሜሪካ ሠራሾቹ በአብዛኛው በኢንች ናቸው።

የጊሩን ጥርሶች ቁጠሩና 2 ደምሩ። ከጥርስ ጫፍ እስከ ትይዩው ጥርስ ጫፍ በካሊፐር በሚሊሜትር ለክታችሁ ለድምሩ አካፍሉ። ባለ 40 ጥርሱ 63 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 63 ለ42 ሲካፈል 1.5 ነው፤ ሞጁል (የሚሊሜትር ጊር የጥርስ መጠን መለኪያ) 1.5፣ አለቀ። 53.34 ከሆነ ግን 1.27 ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ተበልቶ ነው እንጂ ሞጁል 1.25 ነው» ይላል። ጊር ሲበላ ያንሳል እንጂ አይጨምርም! 25.4ን ለ1.27 አካፍሉት፤ 20 ይወጣል። የኢንች ጊር ነው፣ ዲፒ (የኢንች ጊር የጥርስ መጠን መለኪያ) 20። የእንግሊዙ ቶርኖ ማይፎርድ ኤምኤል7 የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። በ1.25 ያሠራችሁት የገጠመ ይመስላል፤ ሥራ ላይ ግን ይንጫጫል፣ ጓደኛውንም ይበላል።

የጥርሱ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ካሊፐሩ ያሳንሳል። ያኔ ከመሃል ቀዳዳው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ጫፍ ለኩ፣ በ2 አባዙ፣ የቀዳዳውን ስፋት ደምሩ።

ቀለሙን ደግሞ በግራይንደር አትላጩት። የማሽኑ ቁጥር ብዙ ጊዜ አልጋው (ረጅሙ የማሽኑ መሠረት) ጫፍ ላይ በስሱ ተመትቶ ነው የሚገኘው። አቧራና ዘይት የጋገረውን በላምባ አርሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት።