አገር በቀል ዕፅዋት ግቢዎ ውስጥ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግቢያቸው ውስጥ አገር በቀል ዛፍ መትከል የሚፈልጉ ሰዎች እየበዙ ነው፤ ደስ ይላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ችግኙ ይተከላል፣ ወፉና ንቡ ግን አይመጣም። አፈሩም እንደደረቀ ይቀራል። ለዚህ የሚዳርጉን ስህተቶች ጥቂት ናቸው።

አንደኛው ስናድግ ያየነውን ዛፍ ሁሉ የአገራችን ነው ማለት ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ግራቪሊያም ከዚያው ነው። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ ነው። ለአጥር የምንተክለው የወፍ ቆሎም መጤ ነው፣ ያውም ወራሪ፤ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየጫካው ይበትኑታል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ጽድ ነው። ሻጩ «ጽድ ነው» ካለዎት የትኛው ጽድ እንደሆነ ይጠይቁት። የፈረንጅ ጽድ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ፍሬው ድቡልቡል ነው፤ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። የሐበሻ ጽድ ፍሬ ግን ትንሽ ነው። ሲበስል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል። ወፎቹ የሚፈልጉት ይህንን ነው። ዓይንዎን ለማለማመድ ወደ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጎራ ይበሉ። ጽዱም፣ ወይራውም፣ ዝግባውም እዚያ አለ።

ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። የተጠረገ ግቢ እንደምንወድ አውቃለሁ። ግን የብሳና ወይም የዋንዛ ቅጠል ዛፉ ሥር ተኝቶ ይክረም። ነሐሴ ላይ ገለጥ አድርገው ይዩት፦ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ የመሬት ትል ይርመሰመስበታል። አጠገቡ ያለውን የተጠረገ መሬት ደግሞ ዝናቡ ደብድቦ አጠንክሮታል። ቅጠሉ ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ደጁ ይጠረግ፣ ቅጠሉን ግን ከዛፉ ግርጌ ያልብሱት፤ ግንዱን ብቻ እንዳይነካ።

ከፍታንና ቦታን ሳያዩ መትከልም አለ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ላይ አይመቸውም። ዝግባ ግዙፍ ስለሚሆን ግድግዳ ሥር አይተከልም። ግቢው ጠባብ ከሆነ ግራዋ፣ ቀጋ፣ ዳማከሴና ራስ ክምር ይበቃሉ። የራስ ክምር ብርቱካናማ አበባ ቧንቧ መሳይ ነው። ቀጭንና ቆልመም ያለ ምንቃር ያላቸው ትናንሽ ወፎች ምንቃራቸውን ሰክተው ማሩን ይጠጡበታል።

የግራዋው ቅጠል ተበሳ ብለው መድኃኒት አይርጩ። ቅጠሉን የበሳው ትል የወፍ ጫጩት ቀለብ ነው። አበባ ባለበት ጊዜ መርጨት ደግሞ ንቦቹን መፍጀት ነው።

ጦስኝም ቢሆን ከተራራ ተነቅሎ አይምጣ፤ ከችግኝ ጣቢያ ይፈልጉ።

የመጨረሻው ተክሎ መርሳት ነው። ሥሩ ዝናቡ ሳያልፍ መሬት እንዲይዝ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ይትከሉ። ላስቲኩን ቀደው ያውጡ፣ የተጠማዘዘውን ሥር ይቁረጡ። በጋ ላይ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት አንድ ጊዜ እስኪጠግብ ያጠጡት፤ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይሄዳል።