ድሬዳዋ በባቡር ለሚሄድ፦ መነሻው ለገሃር አይደለም

ሻንጣውን አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ለገሃር፣ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ የሚወርድ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ከዚያ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር ግን የለም። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው።

ቢሆንም ለገሃርን ሳያዩ አይሂዱ። እኔ እንግዶቼን በጉዞው ዋዜማ እወስዳቸዋለሁ። የቀላል ባቡሩ ሁለቱም መስመሮች እዚያ ፌርማታ አላቸው። አሮጌው ጣቢያ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ የተቀመጠ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. በዘውዲቱ ዘመን ነው። ፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሰ። (ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው ሌላ አንበሳ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።)

እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ የምኒልክ ነገር ነው። የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝም ይጓተቱ ጀመር። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፤ ንጉሡ ያኔ በሕይወት የሉም።

አሁን ወደ ጉዞው። ትኬት ቀደም ብለው ይግዙ፣ መነሻ ሰዓቱንም ያኔውኑ ያረጋግጡ። መታወቂያ የግድ ነው፤ ጅቡቲ ድረስ ከሆነ ፓስፖርት። ለቡ ሩቅ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ይውጡ፤ ሚኒባስ ፍለጋ ከመንከራተት ራይድ ይጥሩ። ሻንጣ እንደ አየር ማረፊያ ይፈተሻል፣ ያ ራሱ ሰልፍ አለው።

መቀመጫም አልጋም አለ። ቀን ለመጓዝ እኔ መቀመጫ ነው የምመርጠው፣ በመስኮት በኩል። መተሐራ አካባቢ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ ያልፋሉ፤ ተራራው በግራ ነው። ዳቦ፣ ሙዝና ውሃ ይያዙ። ከብትና ግመል ሀዲድ ላይ ሲገባ ባቡሩ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ለዚያው ቀን ማታ ቀጠሮ አይያዙ።

ድሬ ሲደርሱም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ያለው አሮጌው ጣቢያ እንዳይመስልዎ። ባጃጅ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ዋጋ ይነጋገሩ።