የሰፈራችሁ መንገድ በድሬዳዋ በጀት እንዲያዝለት እንዴት ታደርጋላችሁ?

እኛ ሰፈር ለኮብልስቶን ብር አዋጥተን ደብዳቤ ያስገባነው በሐምሌ ነበር። «የዘንድሮው በጀት ተደልድሎ አልቋል፤ ለከርሞ ኑ» ተባልን። ሌላ ዓመት አቧራና ጭቃ ላይ ቆየን። ይህን የምጽፈው የእናንተ ሰፈር ያንን ዓመት እንዳያጣ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚወስን ለዩ። የአስተዳደሩ ምክር ቤት ዓመታዊውን በጀት ያጸድቃል። ለአንድ ሰው ቦታ ወይም የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም፤ ያ የአስፈጻሚ ቢሮዎች ሥራ ነው። ጎረቤት መኖሪያውን ጋራዥ አድርጎት መንገዱ በመኪና ከተዘጋ፣ ጥያቄው ወደ መሬት ቢሮ ነው የሚሄደው። «የአገልግሎት ለውጥ ተፈቅዶለታል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ጉዳያችሁ ገንዘብ ከሆነ ግን፣ ጥያቄው ከቀበሌ ጀምሮ ምክር ቤት ይደርሳል።

ብር ከማዋጣታችሁ በፊት የከተማውን ፕላን እዩ። ብዙ ሰፈር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መንገዳችሁ በፕላን ላይ ስንት ሜትር ስፋት እንዳለው አረጋግጡ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ውጡና ለኩ። ፕላኑ 6 ሜትር ብሎ መሬት ላይ 4 ሜትር ተኩል ካገኛችሁ፣ የአንዱ አጥር ወደ መንገዱ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ለቢሮ አትተዉት። ሽማግሌ ላኩ፣ ቡና አፍሉ፣ ካርታውን አብራችሁ እዩ። እኛ ጋ አንድ አባት አጥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ግቢያቸው ሲመልሱ ሌሎቹም ተከተሉ። በክስ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እንጨቃጨቅ ነበር።

ስትለኩ ርዝመቱንም ጻፉ። 180 ሜትር በ6 ሜትር 1,080 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጥያቄው ቁጥር ካለው መሐንዲሱ የወጪ ግምት ለማውጣት ይቀለዋል።

ጎርፉ የት እንደሚወርድ አሳዩ። ድሬ ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። መውረጃ ቦይ የሌለው ንጣፍ ውኃውን ወደ ጎረቤት ቤት ይልከዋል፤ ድንጋዩም ተፈንቅሎ ይቀራል። ዝናብ ሲጥል ውኃው የሚሄድበትን ፎቶ አንስታችሁ ከደብዳቤው ጋር አያይዙ። ቦዩም ከመንገዱ ጋር አብሮ በጀት እንዲያዝለት ጠይቁ።

ኮሚቴ ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። አምስት ሰው ይበቃል፤ ሴቶች ይኑሩበት። መዋጮው በግለሰብ ስም ሳይሆን፣ ሁለት ሦስት ሰው በሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ።

ጊዜውን አትሳቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ዕቅድ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ ብዙ ወር ቀድሞ ነው። እኔ የምመክረው ደብዳቤው እስከ ጥር ድረስ ቀበሌ እንዲገባ፣ ግልባጩም ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ እንዲደርስ ነው። መዝገብ ቤት ገቢ ሳታስደርጉ አትውጡ። ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ። የሙቀቱ ነገር ስለሚታወቅ ጠዋት ሂዱ።

የመረጣችሁትን የምክር ቤት አባል አግኙ። ሰፈር ድረስ ጋብዙና መንገዱን በእግር አሳዩ። በጀቱ ሲታይ «ይህ መንገድ በየትኛው ፕሮጀክት ስም ተያዘ?» ብለው እንዲጠይቁላችሁ አደራ በሉ። «መንገድ ግንባታ» ተብሎ በጅምላ ከተጻፈ፣ የእናንተ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ? የቀበሌ ውይይት ሲጠራም አትቅሩ። ስሜታችሁን ሳይሆን ልኬቱንና ፎቶውን ይዛችሁ ተናገሩ።

በጀቱ ከጸደቀ በኋላ መስከረም ላይ ጨረታው መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ። ሥራው አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ኮሚቴው እዚያው ይገኝ። እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ኮንትራክተሩ ጉድለቱን የማስተካከል ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደጣለ ውጡና የሰመጠውን፣ ውኃ የቋጠረውን ሁሉ ፎቶ አንሱ። በማግስቱ ጠዋት በደብዳቤ አስገቡ።