ቤት ያለውን ቫይታሚን ይደምሩት፦ መጠኑ ሲያልፍ የሚያስከትለውና የሚታወቅበት መንገድ

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቫይታሚን አይጠፋም። ለእናት የአጥንት፣ ለአባት «ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው» የሚለው፣ ለእህት የፀጉርና የጥፍር፣ ለልጆች ደግሞ ከረሜላ የሚመስለው። በዚያ ላይ ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛ የነርቭ ኪኒንና ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚን ሲ ይታከላል። እያንዳንዱ ብልቃጥ ለብቻው ሲታይ ብዙም አያስፈራም። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከድምሩ ነው፤ ድምሩን ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚሠራው የለም። እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ብልቃጡን ማንበብ

በቤት ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። ቫይታሚን የማይመስሉትንም አይርሱ፦ የፕሮቲን ዱቄት፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ፣ የዓሣ ጉበት ዘይት፣ ካልሲየም። ከጀርባ ባለው ሠንጠረዥ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው «ሰርቪንግ ሳይዝ» የሚለው መስመር ነው። ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የተጻፉት ለዚያ መጠን ነው። «2 ካፕሱል» የሚል ከሆነና የሚወስዱት አንድ ብቻ ከሆነ ቁጥሮቹን ለሁለት ያካፍሉ፤ «1» እያለ ሦስት የሚወስዱ ከሆነ በሦስት ያባዙ። በስተቀኝ በመቶኛ የተጻፈው የዕለት ፍላጎትን የሚያሳይ ነው። 5000 ከመቶ የሚል ቁጥር ካዩ የጥራት ምልክት አድርገው አይውሰዱት፤ አንድ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ ማለት ነው።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው መለኪያው ላይ ነው። 1 ሚሊ ግራም 1000 ማይክሮ ግራም ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው በሺህ እጥፍ ይሳሳታል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ኢ ደግሞ አንዳንዱ ብልቃጥ ላይ በማይክሮ ግራም ወይም በሚሊ ግራም፣ ሌላው ላይ በዩኒት («አይዩ» በሚለው) ይጻፋሉ። ቫይታሚን ዲን ከማይክሮ ግራም ወደ ዩኒት ለመለወጥ በ40 ያባዙ፤ 25 ማይክሮ ግራም 1000 ዩኒት ይሆናል። ሬቲኖል የተባለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት (ከታች እንለየዋለን) ከዩኒት ወደ ማይክሮ ግራም ለመለወጥ በ0.3 ያባዙ፤ 10,000 ዩኒት 3000 ማይክሮ ግራም ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ 25 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ዲ አለ። ከካልሲየም ጋር የተቀላቀለው ኪኒን በቀን ሁለቴ ሲወሰድ 20 ይጨምራል። ለብቻው የሚዋጠው ካፕሱል 125 ነው። ድምሩ 170 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም 6800 ዩኒት ይሆናል። ያለ ሐኪም ክትትል ለአዋቂ የተቀመጠው የዕለት ጣሪያ 100 ማይክሮ ግራም ወይም 4000 ዩኒት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብልቃጦች ለየብቻ ቢጠየቁ «እኔ ትንሽ ነኝ» የሚሉ ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን ብቻውን ከጣሪያው ያልፋል።

ቫይታሚን ዲ፦ ጥሙ የስኳር ይመስላል

እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ላለው 800 ዩኒት ይበቃል። ከ4000 ማለፍ በማግሥቱ ያሳምማል ማለት አይደለም፤ መመረዝ የሚታየው በብዛት በቀን አሥር ሺዎችን ለወራት በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው። መጠኑ ሲያልፍ አንጀት ከምግብ የሚመጠው ካልሲየም ይበዛል፣ ከአጥንትም ይወጣል፤ ሕመሙን የሚያመጣው ደም ውስጥ የተጠራቀመው ካልሲየም ነው። የማይረካ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የሆድ ድርቀት፣ ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይከተላሉ። ሲብስ የኩላሊት ጠጠር፣ የኩላሊት መድከም፣ የሐሳብ መምታታትና የልብ ምት መዛባት አለ። ጥምና ሽንት ሲበዛ ሁሉም ስኳር ይጠረጥራል። የስኳር ምርመራው ደህና ከሆነና ቤት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ካለ፣ ለሐኪሙ ይንገሩና የደም ካልሲየም፣ የኩላሊትና የቫይታሚን ዲ መጠን ምርመራ ይጠይቁ።

ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይከሰታሉ። የመጀመሪያው 50,000 ዩኒት ያለው ካፕሱል ነው። ይህ በሐኪም ትእዛዝ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ «እንደ ሌላው ቫይታሚን» በየቀኑ ሲዋጥ ሳምንቱ 350,000 ይሆናል። ሁለተኛው የሕፃናት ጠብታ ነው። ለጨቅላ በቀን የሚያስፈልገው 400 ዩኒት ነው። አንዱ ጠርሙስ ይህን መጠን የያዘው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲሆን፣ ሌላው በአንዲት ጠብታ ነው። የመጀመሪያውን የለመደች እናት ሁለተኛውን ተቀብላ በማንጠባጠቢያው ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ ልጁ በአንድ ጊዜ ከ10,000 ዩኒት በላይ ይወስዳል። እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን ጣሪያው 1000 ነው። ጠርሙሱ በተቀየረ ቁጥር «በስንት ጠብታ ስንት ዩኒት» የሚለውን እንደገና ያንብቡ፣ ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን ማንጠባጠቢያ ብቻ ይጠቀሙ።

ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሲጨምር ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ መድኃኒቱ ራሱ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል።

ቫይታሚን ኤ፦ ዓይነቱን ይለዩ

በብልቃጡ ላይ «ሬቲኒል ፓልሚቴት» ወይም «ሬቲኒል አሴቴት» ካለ ጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው፣ ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለአዋቂ ጣሪያው በቀን 3000 ማይክሮ ግራም ነው። «ቤታ ካሮቲን» ካለ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቤታ ካሮቲን ሲበዛ መዳፍና ውስጥ እግር ቢጫ ይሆናሉ። የወፍ በሽታ ነው ብለው ከመደንገጥዎ በፊት የዓይንን ነጭ ይመልከቱ፦ እሱ ነጭ ከሆነ ካሮቲኑ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሬቲኖል ለወራት ሲበዛ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ አጥንት ያማል፣ ራስ ምታት ይበረታል፣ ጉበት ይጎዳል። ፀጉሯ እየሳሳ መሆኑን ያየች ሴት የፀጉር ቫይታሚን መጨመሯ አይቀርም፤ እዚህ ላይ ግን መቀነስ ነው የሚያዋጣው።

በእርግዝና ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወሰድ ከፍተኛ ሬቲኖል የፅንስን አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል፤ ብዙ ሴት በእነዚያ ሳምንታት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። 85 ግራም የበሰለ የበሬ ጉበት ብቻውን 6500 ማይክሮ ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ለእርግዝና ተብሎ ያልተዘጋጀ መልቲቫይታሚንና የዓሣ ጉበት ዘይት ይቅሩ፤ ጉበት ያለበት ዱለትም እስክትወልድ ይቆይ።

በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ በጤና ተቋም የሚሰጠው ጠብታ 100,000 ወይም 200,000 ዩኒት ነው። ይህ በዕድሜ የተመጠነ፣ ለዓመታት የተሠራበት ስለሆነ አይፍሩት። በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ማድረግና በሌላ ቦታ በድጋሚ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ግን የወላጅ ድርሻ ነው።

«ትርፉ በሽንት ይወጣል»

ግማሽ እውነት ነው። ቢ-ኮምፕሌክስ በወሰዱ ማግሥት ሽንት ደማቅ ቢጫ የሚሆነው በቢ2 ምክንያት ነው፣ ጉዳትም የለውም። ቢ6 ግን በውኃ የሚሟሟ ሆኖም ነርቭ ይጎዳል። በቀን የሚያስፈልገው ከ2 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የአሜሪካ ጣሪያ 100 ሚሊ ግራም ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ወደ 12 አውርዶታል። ለመደንዘዝና ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚሸጠው የቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ጥምር ኪኒን በአንድ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም ቢ6 ሊኖረው ይችላል። «ለጭንቀት» ከሚባለው ቢ-ኮምፕሌክስ 50፣ ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጥቂት ይጨመርበታል።

የቢ6 ጉዳት ከሁለቱም እግር ጣቶች በመደንዘዝና መርፌ መርፌ በማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ እጅ ይመጣል፤ ጨለማ ውስጥ ሲራመዱ እግር የት እንዳረፈ አይታወቅም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሰውየው ኪኒኑን የጀመረው ለመደንዘዝ ነበር፣ አሁን ሲደነዝዘው «አልበቃኝም» ብሎ ይጨምራል። ኪኒኑ ሲቆም ስሜቱ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ከዚያ በወራት ይሻሻላል፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስዱ ሰዎች በሐኪም የሚታዘዝላቸው ቢ6 ከዚህ የተለየ ነው፤ ነርቭን ከመድኃኒቱ ለመጠበቅ ስለሚሰጥ ማቋረጥ የለባቸውም።

ኒያሲን (ቢ3) ከ35 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ፊትና አንገት ያቀላል፣ ያቃጥላል፤ በግራም ደረጃ ሲወሰድ ጉበት ይጎዳል። ፎሊክ አሲድ በቀን ከ1000 ማይክሮ ግራም ሲያልፍ የቢ12 እጥረትን ይሸፍናል፤ ደም ማነሱ ተስተካክሎ የነርቩ ጉዳት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለዓመታት የተወ ሰው ፎሊክ ብቻውን አይውሰድ።

ቫይታሚን ሲ ከሌሎቹ የዋህ ነው። በአንድ ጊዜ 1000 ሚሊ ግራም ሲዋጥ ግማሹ እንኳ አይመጠጥም፤ የቀረው አንጀት ውስጥ ውኃ ስቦ ያስቀምጣል። ጣሪያው 2000 ነው። የኩላሊት ጠጠር ኖሮት የሚያውቅ ሰው ግን ከ1000ም መራቅ ይሻለዋል፤ ትርፉ ወደ ኦክሳሌት ተለውጦ ጠጠር ይሠራል። የሚሟሟው ኪኒን እንዲፈላ የሚያደርገው የሶዲየም ውሁድ ስለሆነ፣ ጨው ቀንስ የተባለ የግፊት ሕመምተኛ በየቀኑ ባይጠጣው ይመረጣል።

ፀጉር ሳይሆን ምርመራ የሚያበላሸው ባዮቲን

በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም ነው፤ የፀጉርና የጥፍር ኪኒኖች 5000 ወይም 10,000 ይይዛሉ። ሰውነትን እምብዛም አይጎዳም። ነገር ግን ብዙ የላብራቶሪ መሣሪያዎች ባዮቲንን ለመለኪያነት ስለሚጠቀሙበት ውጤቱን ያዛባል። የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያልተፈጠረ በሽታ ሊያሳይ ይችላል። ከዚያ የከፋው፣ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚለካው ትሮፖኒን ዝቅ ብሎ ይታይና ሕመምተኛው «ደህና ነህ» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ለቀጠሮ ምርመራ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ያቁሙት፤ በድንገተኛ ከሄዱ ለሐኪሙ የሚነገር የመጀመሪያ ነገር ይሁን።

ከሌላ መድኃኒት ጋር

የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች አዲስ መልቲቫይታሚን ሲጀምሩም ሲያቆሙም ለክትትል ክሊኒካቸው ይንገሩ። ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያደክማል፣ ብዙ ቫይታሚን ኢ ደግሞ የመድማት ስጋትን ይጨምራል። የእንቅርት ሆርሞን ኪኒን ከብረትና ከካልሲየም ጋር የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል።

የሚያጨስ ሰው ቤታ ካሮቲን በኪኒን አይውሰድ። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበትና በ1994 ውጤቱ የወጣው ጥናት በቀን 20 ሚሊ ግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር እንደበዛ አሳይቷል። ካሮትና ጎመን መብላት በዚህ አይነካም።

ጣሪያው ካለፈ

ሐኪም ያዘዘውን አይንኩ፤ በራስ ፈቃድ የተጨመረውን ያቁሙ፣ ከተደራረቡት አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ምልክት ከሌለ በዚህ ይበቃል። ምልክት ካለ ብልቃጦቹን ሁሉ በፌስታል ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ስምና መጠን በቃል ሲነገር ይሳሳታል። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ካቆሙ በኋላም የደም ካልሲየም ከፍ እንዳለ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ አንድ ምርመራ አይበቃም። የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የሐሳብ መምታታት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከእይታ መደብዘዝ ጋር ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ልጅ ብረት ሲውጥ ነው። ለእርጉዝ የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ በስኳር የተለበጠና ከረሜላ የሚመስል ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 ፍሬ ቢውጥ ሕይወቱን የሚያሰጋ መጠን ነው። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደም ሊቀላቀልበት ይችላል። ከዚያ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ቤተሰብ «አለፈለት» ብሎ የሚዘናጋው ያኔ ነው፣ ጉበትና ልብ ግን እየተጎዱ ነው። በጣት ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ለመርዝ የሚሰጠው ከሰልም ብረትን አይዝም። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ ያሉ 1-800-222-1222 ላይ ለመርዝ መረጃ ማዕከል ይደውሉ። የልጁን ኪሎ፣ በኪኒኑ ላይ የተጻፈውን የብረት መጠን፣ የጎደለውን ፍሬ ብዛትና የዋጠበትን ሰዓት ስልኩን ሲያነሱ በእጅዎ ይያዙ። ወለሉ ላይ የተበተነ ካለ ከቁጥሩ ይቀነሳል፤ ካልተገኘ ግን የጎደለው ሁሉ እንደተዋጠ ይቆጠራል።